የሸሚዜ ጫፍና የኮልተን ጠመንጃ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ስድስት እርሻ፣ አርባ ሁለት ከረጢት አፈር። ጭቃው ቦቲዬን ሁለቴ አስቀረው። በቆሎው ታጭዶ አልቋል፣ ሜዳው ራቁቱን ነው። ከተመረቅሁ ስድስት ወር፤ ገበሬዎቹ አሁንም "አለቃሽ የት አለ?" ይሉኛል። አለቃ የለም። አፈሩን የምመረምረው እኔው ነኝ።

ስመለስ ወደ አጎቴ ቨርል መጋዘን ጎራ አልኩ። ባልገባ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ አለች… የሸሚዜ ጫፍ። በጥቁር ቀለም "እጅ" ተብሎ ተጽፎባታል።

አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ይቆረጣል፣ ምክንያቱ ይጻፍበታል፣ ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። ደንባችን ነው፤ አይከፋኝም። ባለፈው ዓመት በተዋስኩት ፓምፕ፣ በየተኩሱ እጀታው በእጅ በሚሳበው ጠመንጃ፣ አንድ ተኩሼ ሳትኩ። ለሁለተኛው እጀታውን ስስብ ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩት። ጥይት አልጎረሰም፤ ቃታው በባዶ ቀጭ አለ። አጋዘኑ ቆሞ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ይሁን። ቆረጡኝ።

ኮልተንስ? የአጎቴ የቨርል ልጅ፣ ራሱ ጥይት የሚጎርሰው ባለ አውቶማቲኩ። በዚያው ቀን አንድ ሳተ፣ ሁለተኛው ጥይት ተቀረቀረበት። "ጠመንጃው ነው፣ ልጁ ምን ያድርግ" አለ አባቱ። መቀስ አልወጣም። ፓምፕ ሲያቆም ጥፋቱ የእጄ፣ አውቶማቲክ ሲያቆም ጥፋቱ የብረቱ? ማን ነው እንዲህ ያለው?

ዘንድሮ የራሴን እገዛለሁ። አጋዘን የሚጠበቅበትን የጅረቱን ጥግም እፈልጋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አባራሪ… እሾህ ውስጥ እየጮህኩ አጋዘን ወደ ኮልተን መንዳት። እሱ ጥጉ ላይ ተመቻችቶ መጠበቅ። በቃኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ጠመንጃ ቤት ሄድኩ። ኮልተንን ይዤው መሄዴ ስህተት ነበር። የምገዛው እኔ፣ ሻጩ የሚያወራው ከእሱ ጋር።

"ለእሷ አውቶማቲኩ ነው የሚሻላት። ትከሻ አይመታም፣ እጅ አያስቸግርም።"

"ለማን?" አልኩት።

"ለ… ለአንቺ።"

ፓምፑን አነሳሁት። ቀለል ይላል፤ ቀን ሙሉ ተሸክሞ ለሚሄድ ጥሩ ነው። ኮልተን ጆሮዬ ሥር መጣ። "ብሪታ፣ ፓምፕ ማለት እኮ ሕፃን ነው። በየጉርሻው እጅሽን ይፈልጋል። የኔው ራሱ ይጎርሳል።"

"ትን ሲለውስ?"

ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ቀኑን ሙሉ ደስ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሁለቱንም ተውሼ ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ሞከርኩ። ሃምሳ እርምጃ፣ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት፣ ውጤቱ በሰንጠረዥ። አጎቴ ከኮልተን ጋር መኪናውን ተደግፎ ያያል።

"ምሁሯ፣ ዲግሪሽ ጥይት ያጎርሳል?"

"ከልጅህ ጠመንጃ አያንስም።"

አውቶማቲኩ ለስላሳ ነው። ዓይኔ ከዒላማው ሳይነሳ ሁለተኛው ይወጣል። ፓምፑ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ትከሻዬ ጠቁሯል። ከዚያ ደግሞ… ከአሥሩ ሦስቴ ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩት። ሦስቴ። በገዛ እጄ ጻፍኩት። ታዲያ "እጅ" ያሉት እውነታቸውን ነው? ከምንም በላይ የሚያናድደው ይሄ ነው።

ኮልተን ሲሰናበተኝ፦ "አውቶማቲክ ግዢና ተገላገይ። ከዚያ ወዲያ ብትስቺም ማንም አይናገርሽም።"

ሊረዳኝ ብሎ ነው። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለዚህ ነው እንዴ የፈለግኩት? ሰበብ ልገዛ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ፓምፑን ገዛሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

የልምምድ ቀለህ እያጎረስኩ፣ እየሳብኩ፣ እየመለስኩ… በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። እስኪያቆም ድረስ መሳብ፣ ከዚያ መመለስ። እማማ ከወጥ ቤት፦ "ያ ቀጭ ቀጭ ባይ ስፌት መኪናሽ መቼ ነው የሚያርፈው?"

ምሳ አጎቴ ቤት ነበርን። የአደኑን ድልድል ተናገረ። ጥጉ የኮልተን። እኔ አባራሪ።

"ለምን?"

"ፓምፕሽን ገና አልለመድሽውም።"

"እሱስ የራሱን ለመደው? ዘይቱን እንደ ሽሮፕ ነው የሚያፈስበት።"

የኮልተን እናት አክስቴ ጆሊን ሳቋን ዋጠች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። "እንግዲያው ደንቡ ለሁላችንም ይሁን። የሳተ ይቆረጥ። ብርድ ነው፣ ብረት ነው አይባል።"

"እሺ ምሁሯ፣ እሺ" አለ፤ ድንቹን እየቆረሰ።

አክስቴ ተነስታ መቀሱን ከመሳቢያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "እኔ ሰምቻለሁ" አለች።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

የወቅቱ የመጀመሪያ ቀን። አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ። ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለብሼ እንደ ሁልጊዜው እሾሁ ውስጥ ገባሁ።

ከጥጉ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ… የለም። ከዚያ ኮልተን ሲራገም። አጋዘኑ ዞሮ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ መጣ። ትልቅ ወንድ። ከኋላው ዳገቱ ብቻ ነው፣ ሰው የለም። ተኮስኩ። ሳትኩ። ሳብኩ… እስኪያቆም… መለስኩ። ተኮስኩ። ወደቀ።

ኮልተን እየሮጠ መጣ። ዘይቱ በብርዱ ረግቶ ጠመንጃው ግማሽ ጎርሶ ቀርቷል። እንደ ዓምናው።

መጋዘኑ ውስጥ የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ቀርቧል፣ ሁሉም ትከሻዬን ይመታል፣ ፓምፑ የረገጠውን። አጎቴ ጀመረ። "መቼም በዚህ ብርድ ማንኛውም ብረት…"

ወይ ጉድ። እሺ ካለ ሁለት ሳምንት አልሞላውም እኮ።

አልተሟገትኩም። የሸሚዜን ጫፍ ከሱሪዬ አወጣሁና ለአክስቴ አዞርኩላት። "መጀመሪያ የኔን። አንድ ስቻለሁ።"

"አጋዘኑን እኮ ገድለሻል" አለ አጎቴ።

"ከመግደሌ በፊት ስቻለሁ። ደንብ አይደል?"

ማንም ማንኪያ አላነሳም። አክስቴ ቆረጠች። መቀሱን እንደያዘች ወደ ኮልተን ዞረች። ኮልተን አባቱን አየ፣ እኔን አየ… ሸሚዙን አወጣ። "የዓምናውንም ቁረጪ፣ እማ" አለ፤ "ሁለት ነው ያለብኝ።"

አጎቴ ቀለሙን አንስቶ ጨርቄ ላይ ጎንበስ አለ። "ምክንያቱን ምን ልበል?"

"ሳተች በል። ሌላ ምንም።"

ጻፈ። የኮልተን ሁለቱም ላይ "ሳተ" ጻፈ። ከዚያ ሄዶ "እጅ" የሚለውን የዓምናዬን ነቀለ፣ ገልብጦ በጀርባው "ሳተች" ብሎ ጻፈበት፣ መልሶ ቸነከረው። አራቱ ጎን ለጎን ናቸው።

"ነገ ጥጉ ላይ አንቺ ነሽ" አለ። ወደ እኔ ሳያይ ነው ያለው። "ኮልተን እሾሁን ይቅመስ።"

ወገቤን ይበርደኛል። ነገ ሌላ ሸሚዝ… የለም፣ ይሄንኑ ነው የምለብሰው።