ለአንድ ስብሰባ ብቻ ስለተዋሱት የብስኩት ቆርቆሮ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለቀድሞ የሬዲዮ ጥገና መምህሬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉሮሮዎ እንኳ ደህና መሆኑን አውቄአለሁ፤ ባለፈው እሑድ በአዳራሹ ያሰሙት ንግግር ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰምቷል ይባላልና። ድምፅዎን ያን ያህል ያጎላው አምፕሊፋየር የእኔ የእጅ ሥራ በመሆኑ የተሰማኝን ኩራት በአደባባይ ለመግለጽ ይፈቀድልኝ።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶቻችን ላስረዳ። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ቴሌቪዥን የምታየው የሰው ከንፈር እያየች በግምት ነበር። ማድ ቤታችን ውስጥ ተቀምጬ፣ ከተጣሉ ቴፖች የነቀልኳቸውን ዕቃዎች በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በይጄ፣ ከነጆሮ ማዳመጫው አምፕሊፋየር ሠራሁላት። እንደ ልማዴ አበዛሁትና ጉልበቱ ለአዳራሽም የሚበቃ ሆነ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ዜና አንባቢው ሲያስነጥስ ሰምታ «ይማርህ» አለችው።

ከዚያ እርስዎ መጡ። የአዳራሹ መሣሪያ ስለተበላሸ ለአንድ ስብሰባ ብቻ እንዳውስዎት ጠየቁኝ። የመበየጃ ካውያ አያያዝ ያስተማረኝን ሰው እንዴት እምቢ ልበል? ይኸው አራት ወር ሞላው። ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ፦

፩. ቆርቆሮው ግራጫ ቀለም ተቀብቶ «የኮሚቴው ንብረት» ተብሎ ተጽፎበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ የሰው ቆርቆሮ ግን ቀለም ከተቀባ ያደምቃል ማለት ነው።

፪. መሣሪያው በእርስዎ ብርቱ ጥረት ከውጭ አገር ፋብሪካ የመጣ መሆኑን ለአባላት አብሥረዋል። ማድ ቤታችን ፋብሪካ፣ ያውም የውጭ አገር ፋብሪካ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፫. በቤት ውስጥ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ለሕንፃው ደኅንነት አስጊ ስለሆኑ መከልከላቸውን በዚያው ቆርቆሮ በኩል አወጁ። ቆርቆሮው ጨዋ ነው፤ የራሱን እገዳ አንድ ቃል ሳይቆርጥ አስተላለፈልዎ።

፬. እንዲመልሱልኝ ሦስት ጊዜ ደጅ ብጠናዎት ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል። የእናቴን ጆሮ ያደከመው ዕድሜ ነው። ለእርስዎ ጆሮ የሚሆን መሣሪያ መሥራት ግን ከችሎታዬ በላይ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ አርሯል። «የሰው ሥራ ሳትጠይቁ አትፍቱ፤ ከፈታችሁም እንደነበረ መልሳችሁ ግጠሙ» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። ይህን ትምህርትዎን ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቄአለሁ። አደራ በላ የሚለውን ቃል ለመምህሬ እጠቀምበታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እሑድ ዕለት እናቴን ከስፒከሩ ሥር አስቀምጫት ነበር። መሣሪያው ሲከፈት ሁለት ጊዜ ቋ፣ ቋ ብሎ እምም የማለት ልማድ አለው፤ ብዙ ታግዬው ያልጠፋልኝ ጉድለት ነው። ያን ስትሰማ ፊቷ በራ። ወደ እኔ ዞር ብላ የእኛው ዕቃ ተገኘ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጆሮ የከበደው ሰው ቀስ ብሎ አይናገርምና አዳራሹ ሁሉ ሰማ። እርስዎም ሰምተው አንድ ጊዜ ውሃ ጠጡና ንግግርዎን ቀጠሉ።

ከእጅዎ ተምሬ በእጅዎ የተነጠቅሁ፣ ዘወትር ጤናዎን የምመኝ ተማሪዎ፣
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪና የውጭ አገሩ ፋብሪካ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ከክዳኑ በስተውስጥ፣ ቀለምዎ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ በቀለጠ የመበየጃ እርሳስ የጻፍኩት የፋብሪካው ስም አለ፤ «ለእማዬ» ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ አራቱን ብሎኖች በአባላት ፊት ይፍቱና ጮክ ብለው ያንብቡልን፤ እናቴ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ካቻቪቴ ከሌለዎት አይጨነቁ፤ ማዋስ ስለተውኩ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።