ስለተወሰዱብን የቀብድ ጨርቆችና ስላልተስማሙት ሁለት ሞዴሎችዎ

ይድረስ ለክቡር አቶ ታዴዎስ
በማቆጥቆጥ ላይ ያሉ ገበያዎች የዋጋ ሞዴል አወዳዳሪ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ሴቻ፣ ካረፉበት ሆቴል

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ነጋዴዎች፣ ጌታ ይመስገን፣ ከሙዛችን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ሰኞ እስከ ማሳችን ድረስ ወርደው ስለጎበኙን፣ ያቀረብንልዎትንም ዐሥራ ሁለት ሙዝ አንድም ሳያስተርፉ ስለበሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። አዲሱ የአክሲዮን ገበያ ገና ዳዴ የሚል በመሆኑ፣ ኦፕሽን ለሚባለው ውል ትክክለኛ ዋጋ የሚያወጣው የትኛው ሞዴል እንደሆነ በእኛ ሙዝ ላይ ሊፈትኑ መምጣትዎን ነግረውናል። ኦፕሽን ማለት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የመግዛት መብት እንደሆነ፣ ገዢው ካልፈለገም ቀብዱን ትቶ መሄድ እንደሚችል በሰሌዳ ሲያስረዱን፣ ስንሠራው የኖርነው ነገር ስም ስላገኘ ደስ አለን። እኛም ባልደረሰ ዘለላ ላይ ቀብድ ሰጥተን የየራሳችንን ቀለም ጨርቅ እናስራለን፤ ጨርቅ የታሰረበትን ሌላ ሰው አይነካም። ቀብዱ ብርም ይሁን በቆሎ፣ ተቀባዩ እጁን ከዘረጋ ውሉ ጸና ማለት ነው።

ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉን በትሕትና እናቀርባለን።

፩. የመጀመሪያው ሞዴልዎ ዋጋ በድንገት አይዘልም ብሎ ይነሳል። ይህን ለጉማሬው የሚነግርልን ሰው አጣን እንጂ፣ ባለፈው ወር ከሐይቁ ወጥቶ የአቶ ደበሌን ማሳ እኩሌታ ሲደፈጥጥ ዋጋው ቁርስ ላይ ከነበረበት ለምሳ ሳንቀመጥ ዘሎ ነበር።

፪. ሁለተኛው ሞዴልዎ ዋጋው በየቀኑ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል እያለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሲሄድ ለአንዲት ዘለላ ሦስት ትልልቅ ወረቀት ፈጀ። የሁለቱ ውጤት አልገጥም ሲል እነሱን ለማስታረቅ ሁለት ቀን ሥልጠና ጨመሩልን። ከእኛው ነጋዴዎች አንዷ ወይዘሮ ከውሰር ግን ዘለላውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ዋጋውን የተናገሩት፣ እርስዎ የኮምፒውተርዎን ቻርጀር ሲፈልጉ ነበር። ንግግራቸውን «ከተሳታፊ የተሰጠ አስተያየት» ብለው ስለመዘገቡላቸው ያመሰግናሉ።

፫. እዚህ ላይ አንጀቴ አርሯልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጨርቆቹን በሙሉ ፈትተው፣ «ናሙና» ብለው በፖስታ አሽገው ይዘዋቸው ሄዱ። መቶ አርባ ጨርቅ! ኧረ በጌታ! አሁን የትኛው ዘለላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። የእኔ አርባ ሁለቱ ቢጫ ነበሩ። ቀብድ የሰጠሁባቸው የማሳው ባለቤት አቶ ደበሌ ጨርቅ ሳላይ አላስቆርጥም ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። የጭነት መኪናው ባለቤት አቶ ሰይፈዲን ደግሞ ሐሙስ ጠዋት እንደሚነሱና የማንንም ሪፖርት እንደማይጠብቁ ነግረውኛል። ሐሙስ ያልተጫነ ሙዝ ተክሉ ላይ ይበስላል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚገባው ገንፎ ሆኖ ነው። የስድስት ወር ልፋቴ ነው፣ ክቡርነትዎ።

፬. ጨርቆቹን ብንጠይቅ፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅ ከምስክር ወረቀት ጋር እንደሚመለሱልን ገልጸውልናል። ምስክር ወረቀቱ ዘለላ ላይ እንዲታሰር ቀዳዳ ቢበጅለት መልካም ነው።

እንግዲህ የጥናትዎ ብርሃን ሳይደበዝዝ፣ ጨርቆቻችንን እስከ ሐሙስ ማለዳ እንዲመልሱልን ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

በየትኛውም ሞዴልዎ ሊሰላ ከማይችል አክብሮት ጋር፣
ልክነሽ፣ የቢጫ ጨርቅ ባለቤት የነበረች
ምዕራብ ዓባያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት የበሉት ዐሥራ ሁለት ሙዝ ቀብድ ነበር። ሆቴሉ ደጃፍ በቆመችው ነጭ መኪናዎ ስፖኪዮ ላይ አዲስ ቢጫ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ የመግዛት መብቴም ሐሙስ ያበቃል። ጨርቆቹ እስከዚያ ካልመጡ መኪናዋን ገዝቻታለሁ። ዋጋዋ አርባ ሁለት ዘለላ ሙዝ ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት ጨርቆቹ በእጅዎ አሉ።