ሰባት ወር መተያየት

ጥር 9
ሥራ በዛ። የመነጽር ሌንስ ስፈጭ ሁለት ሰበርኩ፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ፍሬም የሚያቃናው ባልደረባዬ "ሙሽራው፣ ጣትህን እንዳትፈጭ!" ይለኛል። ይበል። መምህርቷ መነጽር ልታሠራ መጥታ ከተዋወቅን ድፍን ሰባት ወር። ቋንቋ ታስተምራለች፤ ከሩቅ አገር የመጣች የውጭ ዜጋ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ክንዴን ይዛ በሰፈራችን መሀል እንሄዳለን... ልጅ አዋቂው እያየ! እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምን የጋብቻ ቃል አለ?

ጥር 12
አክስቴ ያጨችልኝን ልጅ አልፈልግም አልኩ። "ሰው አለኝ" ስላት አኮረፈች። እናቴ ግን ደስ አላት። "በል እሁድ ውሰደኝ።" በእኛ ቤተሰብ የልጅቷን ደጅ ቀድማ የምትረግጠው የወንዱ እናት ናት። ያውም ሳይነገር፣ ከች ብላ። ሴት የምትታወቀው ቤቷ ሳይሰናዳ ነው ይላሉ።

ጥር 15
መጻፍ አልፈልግም ነበር። ልጻፈው ግን።
እናቴ የሚጠባትን አዲሱን ጫማ አጥልቃ ሦስት ፎቅ ወጣች። መምህርቷ በሩን ከፍታ "እንዴ! እንኳን ደህና መጡ!" አለች፤ ከልቧ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፂማም ሰውዬ በባዶ እግሩ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። የሥራ ጓደኛዋ መሰለኝ... በባዶ እግሩ?
እናቴ ያዘጋጀችውን ጀመረች። "ልጄ፣ ቀኑን ብንቆርጥ ብዬ ነው የመጣሁት..."
"የምን ቀን?" ዞር ብላ አየችኝ። "እኛ እኮ ገና እየተያየን ነው። ከእሱም ጋር እንደዚያው። ጓደኛ አለኝ ብዬህ የለ?"
ብላኛለች። ከጓደኛዬ ጋር ሲኒማ ገባሁ ብላኛለች። የምን ጓደኛ ብዬ አልጠየቅኩም።
ፂማሙ ብርቱካን ለእናቴ አቀረበላት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!
ስንወርድ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ፣ "ለመሆኑ ጠይቀሃታል?" አለችኝ።
"ምኑ ይጠየቃል እማዬ? ሰባት ወር ሙሉ..."
"እኔም ጠይቆ ነው ብዬ ነው ይህን ጫማ ያጠለቅኩት።"


ጥር 16
ሆድ ይፍጀው።

ጥር 23
መምህርቷ ሱቅ ድረስ መጣች። ቅዳሜ ለምን ቀረህ ትለኛለች፤ ፊቷ ላይ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። "በእኛ አገር እኮ ቁጭ ብለው እስኪነጋገሩ ድረስ ማንም የማንም አይደለም።"
"መቼ ነው የሚነጋገሩት?"
"አንዱ ሲጠይቅ ነዋ! አንተ አልጠየቅከኝም።"
"ብጠይቅሽ ኖሮስ?"
"ኅዳር ላይ ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር።"
ዓይኗን በጨው አጥባ የምትዋሽ ብትሆን በቀለለኝ። ረግሜያት እገላገል ነበር። ኅዳር... ኅዳር ላይ እኮ በየሳምንቱ አጠገቤ ነበረች!

የካቲት 3
አክስቴ ያጨችልኝ ልጅ ለሌላ ታጨች። የነገረኝ ፍሬም አቃኚው ነው። እኔን "ሙሽራው" ማለቱን ትቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ስለ እኔ ምን እንደሚል የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

መጋቢት 20
እናቴ ስለዚያ እሁድ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 18
የጎረቤታችን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ስትፈራ ስትቸር ገባች። "ዛሬ ምሳ አብረን ብንበላስ?" ሁለት ዓመት ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ኖረን። ይህን ለማለት ስንት ቀን እንደፈጀባት አላጣሁትም። የእኛ ሴት እንዲህ ካለች ሁሉንም ብላለች፤ የሚቀር ጥያቄ የለም።
እኔ ግን አፌ ቀደመኝ። "ምሳው ምን ማለት ነው? ሌላ የምታዪው ሰው አለሽ?"
ፊቷ ደም መሰለ። "ምን ዓይነት ሴት መሰልኩህ?"
"ኧረ እኔ... ለማወቅ ያህል ነው።"
"አሁን አወቅህ?" አለችና ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።
ተከትዬ ልሂድ አልኩ፤ እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ያኔ ሳልጠይቅ አጣሁ፤ ዛሬ ጠይቄ አጣሁ። ምሳዬን ሌንስ መፍጫው ማሽን አጠገብ ቆሜ በላሁ።