እማማ ጥሩነሽ ያላለቀሱበት ቦታ

ታደለ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ቁስቋም አውጥተናል፤ የባንድ ጓደኞችህ ሦስቱም መጥተው ድንኳን ሲተክሉ፣ ሰው ሲያስተናግዱ ዋሉ። ከጎናችን የነበረው ወፍጮ ቤት ተነሥቷል። ስንት ቀን ጊታርህን ታቅፈህ እሱ እስኪቆም ጠብቀሃል! አሁን ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፤ የሚቀርጽ ሰው ግን የለም። ድምፅ እንዳይገባ የመቅረጫ ክፍልህ ግድግዳ ላይ የለጠፍሃቸውን የእንቁላል ካርቶኖች አላነሣኋቸውም። ልጃችን ማርታ እዚያ ገብታ ታጠናለች፤ የውጭ ድምፅ አይረብሸኝም ትላለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ፊልሙ ልነግርህ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት በሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር ስትጫወት አውቅሃለሁ። ድምፁን ጣራ እስኪነካ ከፍ ታደርገው ነበር፤ እናትህ እንኳ «ምነው ልጄ፣ ከማን ተጣላህ?» ይሉህ ነበር። ዳይሬክተሩ የፊልሙን ሙዚቃ ብቻህን ሥራልኝ ሲልህ ፈራሁ። ጩኸት የለመደ ሰው ዝግ ብሎ መሥራት አይሆንለትም ብዬ ነበር። ለካ አላውቅህም።

ዘጋቢ ፊልሙ የድብ ባሕሯን ገበሬ የእማማ ጥሩነሽን ኑሮ የሚያሳይ ነው። አንድያ ልጃቸው አገር ጥሎ ሲሄድ አውቶቡስ ላይ ይሸኙትና ፊታቸውን አዙረው ወደ ማሳቸው ይመለሳሉ። ለዚያ ቦታ የሠራኸውን ጊታር ማድ ቤት ሆኜ ስሰማ እንባዬ መጣ። ዳይሬክተሩም «ፊልሙ ማለት ይሄ ነው!» አለ። አንተ ግን «ሳላሰማቸው አይሆንም» ብለህ ላፕቶፕህን ይዘህ፣ እኔንም አስከትለህ ድብ ባሕር መንደራቸው ድረስ ወረድህ።

እማማ ጥሩነሽ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አወለቁና «ሸጋ ነው ልጄ። ግን እኔ እዚህ ላይ አላለቀስሁም» አሉህ።

«ታዲያ ምን ያስቡ ነበር?» አልሃቸው።

«ያልታጨደ ገብስ ነበረኝ። ዝናቡ ደርሶ ነበር።»

ቤት እንደገባህ ያን የመሰለ ሥራ አጠፋኸው። ዳይሬክተሩ ሲሰማ እንዴት እንደ ጮኸ ታስታውሳለህ? «ሕዝቡ የሚያለቅሰው እኮ እዚህ ላይ ነው! ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለህ። ድምፅህን እንኳ ሳታነሣ «እሳቸው ያላለቀሱትን እኔ አላለቅስላቸውም» አልኸው። በሩን አላትሞ ወጣ።

ሦስት ሳምንት አልደወለም። ኩላሊትህ ያን ጊዜ ጠንቶብህ ነበር፤ አንተ ግን ሥራው ያንተ ይሁን አይሁን ሳታውቅ ቀጠልህ። በአራተኛው ሳምንት መጣና አሰማኸው። አውቶቡሱ ሲሄድ ነፋስ ብቻ። ከዚያ የማጭዱ ድምፅ። እሳቸው ገብሱ ላይ ካጎነበሱ በኋላ አንድ ክር ብቻ፣ አልፎ አልፎ። ሲያበቃ «ድገመው» አለህ።

የመጨረሻውን ክፍል አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈህ ስትቀርጽ ማይኩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ትንፋሼ እንዳይገባበት ፊቴን አዙሬ ነበር። ጣቶችህ አንድም ክር አልሳቱም። በሁለተኛው ሳምንት አረፍህ።

ባለፈው ወር ጎንደር አዳራሽ ውስጥ ታየ። እማማ ጥሩነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አውቶቡሱ ሄዶ ነፋሱ ብቻ ሲቀር የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ከኋላችን አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማ ጥሩነሽ ጉልበቴን ጨበጥ አድርገው «ባልሽ ሰምቶኛል» አሉኝ። ታደለ፣ ከዚህ በላይ ምስጋና አላውቅልህም።

አንድ ነገር ብቻ ቆጨኝ። ስምህ የመጣው ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ መብራት በርቶ ሰው ሲነሣ ነው፤ በራስና በትከሻ መካከል ሽው ብሎ አለፈ። በቅጡ ሳላየው ቀረሁ።

በሚቀጥለው ወር ሳንጃ ከተማ ይታያል ብለዋል፤ እሄዳለሁ። ከዚያም በኋላ የትም ቢታይ፣ ሰው ሁሉ ረግጦኝ ይውጣ እንጂ፣ ስምህ ሳያልፍ ከወንበሬ አልነሣም።

ያንተዋ አልማዝ