የመጨረሻው ዕጣ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፤ ከጧቱ 2፡30

ደብተሬ፣ አስቀድመህ ይህን እወቅ፦ ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የሚያምነኝ ሰው ግን የለም። ከዚህ በኋላ የምጽፍልህን ሁሉ ይህን ይዘህ አንብበው።

ጡረታ ዛሬ ወጣ። እንደ ልማዴ ከአሮጌ የፈተና ወረቀት በሠራኋቸው አራት ፖስታዎች ከፋፈልሁት። እህል። ጋዝና ሳሙና። ዕድር። አራተኛው ላይ «ዘለቀ» ይል ነበር። ዘለቀ የሟች ባለቤቴ የጥሩነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያርሳል። ባለፈው ወር የመጨረሻዋን አሥር ብር ከፍዬው አስፈረምሁት። ዛሬ ስሙን ሰረዝሁና «ዕቁብ» ብዬ ጻፍሁበት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስፍረው። ከአራት ዓመት በፊት ለጥሩነሽ ተዝካር ሦስት ሰንጋ አረድሁ። ዘለቀ ካህናቱና ነዳያኑ ከበሉ ይበቃል ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁ። መምህሩ ሚስቱን በባዶ ሸኛት እንዳይባል። ከደምበጫ ሳይቀር ሰው መጣ፤ በላ፤ አመሰገነ፤ ሄደ። ለድግሱ የዕቁብ ዕጣዬን አስቀድሜ ወስጄ ነበር፤ ዋሴ ዘለቀ። የጎደለውን ከአንድ እህል ነጋዴ በአራጣ ሞላሁ። አራጣው ጡረታዬን በላው። ሃያ ሁለት ሳምንት ዕቁብ ሳልጥል ቀረሁ። የዕቁቡ ዳኛ ዋሱን ጠራ። ዘለቀ በሬውን ሸጦ በእኔ ፈንታ ከፈለ። 220 ብር።

ላሟን፣ ሬዲዮኑን፣ የጥሩነሽን የአንገት መስቀል ሸጬ አራጣውን ዘጋሁ። የዘለቀን በየወሩ አምስት፣ ሲሆንልኝ አሥር ብር በሰው እየላክሁ፣ ደረሰኝ እያስፈረምሁ ከፈልሁ።

ሒሳቡ ዜሮ ነው። ሁለት ጊዜ ደመርሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20፤ ከቀኑ 8፡00

አዲስ ዕቁብ ሊቋቋም ነው። 36 ሰው፣ በሳምንት 10 ብር። ዳኛው አቶ ሞላ፣ ልብስ ሰፊው። የሚሰበሰቡት ወ/ሮ ስንዱ ጠላ ቤት። ከቀበሌ ስብሰባ ወጥቼ በቀጥታ ሄድሁ። ስገባ ሦስት ሰው ከመቀመጫው ተነሣልኝ። አክብሮት ነው፤ ግን ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም።

ጸሐፊው ታደሰ የድሮ ተማሪዬ ነው። ማባዛት አልገባ ብሎት አንድ ዓመት ሙሉ ያደከመኝ። ብዕሩን አንሥቶ ዋስዎን ማን ልበል አለኝ። ሁሉም ጣሳው ውስጥ ያይ ጀመር።

ወ/ሮ ስንዱ እየቀዳች፦ «ኧረ መምህር ይግቡ እንጂ! ድግሳቸውን ያልበላ የለ፤ ከዚያ ሁሉ በላተኛ አንድ ዋስ ይጠፋል?»

ሳቁ። ከዚያ አፈሩ። እኔም አብሬ ፈገግ አልሁ መሰለኝ።

አቶ ሞላ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ መላ አመጣ። የመጨረሻውን ዕጣ ልውሰድ። መጨረሻ የሚወስድ ሰው ከፍሎ ጨርሶ ነው የሚቀበል፤ ዋስ አይጠየቅም። ለእኔም ቁጠባ ይሆነኛል። እውነቱን ነው። ግን የመጨረሻው ዕጣ የሚሰጠው ለማይታወቅ ሰው ነው፤ ተዛውሮ ለመጣ፣ ዘመድ ለሌለው። እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም 31 ዓመት አስተምሬያለሁ።

ዋስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ጠላዬ ሳይነካ ቀረ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24፤ ከጧቱ 4፡00

ሳሙና ገዛሁ፣ በእጅ በእጅ። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ከሥር አስቀመጠ። አልጠየቅሁትም እኮ። ዱቤ ከተውሁ ሦስት ዓመቴ። ለካስ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳልጠይቀው ሲፈራ ኖሯል።

ወሰንሁ። ዘለቀ እንደገና ዋስ እንዲሆነኝ እጠይቃለሁ። ማስረጃ አለኝ፦ 34 ደረሰኝ፣ አንድም ወር ያልተዘለለ። ከእኔ የታመነ ከፋይ ከየት ያገኛል?

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድሁ። ጓድ ሊቀመንበር የጉዞውን ምክንያት ጠየቀኝ። ዘመድ ጥየቃ አልሁ። ጻፈው። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 3፤ ከምሽቱ 12፡00

ከቡሬ መመለሴ ነው። እግሬ አብጧል። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

እስከ ቡሬ በጭነት መኪና። ማንኩሳ ላይ እህል እስኪጭን ረጅም ቆመ። ከቡሬ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር። ዘለቀ አውድማ ላይ ጤፍ ያበራያል። በሬዎቹን ቆጠርሁ፤ የማስተማር ልማድ ነው። አራት። የእሱ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የጎረቤት።

ሥራውን ጥሎ ተቀበለኝ። ጥላ ሥር ቁርበት አነጠፈልኝ። ደረሰኞቹን በቀን በቀናቸው ደረደርሁለት። አየና ልክ ነው፣ ሁሉም ፊርማዬ ነው አለ። ስለ ዋስነቱ ስነግረው ደረሰኞቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። ሚስቱ ያለምወርቅ በአገውኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም በዚያው መለሰላት። ጥሩነሽ ያስተማረችኝ ጥቂት ቃል ነው፤ «በሬ» ሲሉ ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የበሬውን ዋጋማ መለሱ፣ መምህር። ሦስቱን ክረምት ማን ይመልስልን?»

«ተይ አንቺ! እንግዳ ናቸው» አላት ዘለቀ። አልተወችም።

አንድ በሬ የቀረው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ይሉታል፤ አንድ ቀን ለአንተ፣ አንድ ቀን ለእኔ። ዘለቀ የተቀናጀው ሰው በሬው ብርቱ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ቀድሞ የሚያርሰው እሱ ነው። ዘለቀ ሦስት ክረምት ሙሉ ዘግይቶ ዘራ። ሁለቱን ጊዜ ጤፉን ሳይደርስ ውርጭ መታው። የእኔ አምስት አምስት ብርስ? በመጣች ቁጥር ለጨው፣ ለመንግሥት እህል ኮታ ማሟያ ሄደች። በሬ ልትሆን አልቻለችም። በ220 የሸጠው በሬ አሁን 350 አልፏል።

ይህን ሁሉ የምትናገረው እሷ ናት። እሱ መሬት ያያል።

በመጨረሻ ዘለቀ፦ «መምህር፣ ዋስ የምሆንበት አንድ በሬ ቀርቶኛል። እሱን አልደፍርም። አይቀየሙኝ።»

ስነሣ አዲስ ጤፍ ቋጥረው ሰጡኝ። ተቀበልሁ። ምን ብዬ ልመልሰው?

እሑድ፣ ጥር 4፤ ከጧቱ 3፡00

ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ጤፉ ጥግ ላይ እንደተቋጠረ ነው። በየትኛው ፖስታ እንደምመዘግበው አላውቅም።

ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ከመለሰ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ዜሮ ነበር የምሰጠው። ሲያለቅሱ እንኳ አልራራም።

ለአምስት ብር ሳይቀር አስፈረምሁት። አምስት ብር! እሱ እኔን አንድም ቀን አላስፈረመኝ።

እንደገና ልሞክር። የሁለት ዓመት ጤፍ፣ በዛሬ ዋጋ ሲባዛ፣ ሲደመር የጠፋው ቀን…

ማክሰኞ፣ ጥር 13፤ ከቀኑ 9፡00

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱን ከሩቅ ሸኘሁ።

አቶ ሞላ ዘንድ ሄጄ የመጨረሻውን ዕጣ ጻፉልኝ አልሁ። ታደሰ ቁጥር 36 ላይ ስሜን ጻፈ። ጽሕፈቱ አሁንም ይንጋደዳል። ወ/ሮ ስንዱ ጣሳ አቀረበች፤ የጠላ ሒሳብ በፖስታዬ ውስጥ የለም አልኋት። «ምን ፖስታ? በነጻ ነው!» አለችና ሳቀች። አልጠጣሁም። እንዳልለምደው።

አንድ ነገር ጨመርሁ፦ ብሩ ሲወጣ በእኔ እጅ ሳይሆን በዘለቀ እጅ ይግባ። አቶ ሞላ መነጽሩን አወለቀ። ሰውዬው አልፈልግም ቢልስ? መዝገቡ እሑድ ጥር 18 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት የራሱን ቃል መስማት አለብኝ አለ። ዘለቀ እሺ ይል እንደሆነ አላውቅም። ያለምወርቅ ምን እንደምትል ግን እገምታለሁ።

ነገ ጧት ወደ ቡሬ በሚሄድ ሰው የምልከው ደብዳቤ ግልባጭ ይህ ነው፦

«ይድረስ ለወንድሜ ለዘለቀ። ዋስ እንድትሆነኝ አልጠይቅህም። በድጋሚም አልጠይቅህም። ዕቁብ ገብቻለሁ፤ ዕጣዬ የመጨረሻው ነው። ከመስቀል በኋላ መስከረም 25 ቀን 360 ብር ባንድ ጊዜ እጅህ ይገባል፤ እንደ ድሮው በአምስት በአምስት አይደለም። በሬ ግዛበት። ደረሰኝ አልፈልግም። ሦስቱን ክረምት የምመልስበት ስሌት ግን ፈልጌ አጣሁ። ያለምወርቅ ልክ ናት፤ ይህን ንገራት። የዕቁቡ ዳኛ የአንተን ቃል ሳይሰማ መዝገቡን አይዘጋልኝም። ቅዳሜ ወደዚህ ገበያ በሚመጣ ሰው እሺ ወይም እምቢ ብለህ ላክብኝ። እምቢም ቢሆን ላክ። አደራህን፣ ከቅዳሜ አታሳልፈው።»