ድሮኑ ታንከሩ ውስጥ ወደቀ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ዛሬ ባዶውን የነዳጅ ታንከር ሰው ሳናስገባ በድሮን ልናየው ነበር። ጠዋት በጋዝ መለኪያው ስለካው ከነዳጅ ጋዝ ንጹሕ ነበርና ድሮኑን አስገባነው። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳውን ገጭቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሜ ስለካ መሣሪያው ጮኸ። ታች የቀረው ዝቃጭ መትነን ጀምሯል፤ የድሮኑ ባትሪ ደግሞ እዚያው ነው። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ሥራ አስኪያጁን ያስጨነቀው ድሮኑ ነው። "የሰው ዕቃ ነው፤ አብዶ ገብቶ ያውጣው። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም" አለኝ።

አብዶ ዕድሜውን ታንከር ሲያጥብ የኖረ ሠራተኛችን ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ። መግቢያው ላይ ቆምኩ። "የደህንነት ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ጋዙ እንዲህ እያለ ማንም አይገባም" አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጥቶ ጥሎን ሄደ።

አብዶ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የታንከሩ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጠና፣ "አቦ ሂሩት፣ ይሄ ድሮን ሳይመጣ አፌን በእርጥብ ጨርቅ አስሬ ስገባ፣ አንድ ቀን 'ተው' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያው ጠየቀኝ።

ከሰዓት በኋላ የቆዩትን የታንከር መግቢያ ፈቃዶች ከመሳቢያ አውጥቼ አገላበጥኩ። የአብዶ ስም ያለባቸው ብዙ ናቸው። የጋዝ ልኬት የሚሞላበት ቦታ አብዛኛው ላይ ባዶ ነው። ከሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው።