የኢህሳን ረጅም ሰላምታ

ሮቤ፣ መስከረም 25 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ሰቢሪና
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብዬ ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ። ልብስ ሰፊዋ ረቢያ ነገ ለሐጅ ትነሳለች፤ ጅዳ ባለችው እህቷ በኩል ደብዳቤውን እጅሽ አስገባዋለሁ ብላኛለች። በስልኩማ እመቤትሽ አጠገብሽ እየቆመች ምን ወሬ አለን? ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ ይቋረጣል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ኦሮምኛውን በቁቤ ልጽፍ ስል እጄ አይታዘዝልኝም፤ አንቺ እንደሆንሽ ሁለቱንም ታነቢያለሽ።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ብሎ፣ የሮቤን ጭቃ ታውቂው የለ፣ ባጃጆቹ መሀል መንገድ እየቆሙ የፈረስ ጋሪዎቹ ናቸው ሰዉን የሚያመላልሱት። ከአጋርፋ በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ዛሬም ለከብታቸው ጨው የሚገዙት ከእኛ ነው። ሁሉም አንቺን ይጠይቁኛል፤ "ትልቋ እንዴት ናት?" ይላሉ። ደህና ናት እላለሁ።

ስለ ታናሽ እህትሽ ስለ ኢህሳን ያልሽኝን አልረሳሁም። በእመቤትሽ እህት ቤት የሠራተኛ ቪዛ መገኘቱን፣ ዕድሜዋን ከፍ አድርገን የፓስፖርት ፎቶዋን በረቢያ በኩል እንድልክልሽ፣ ከአንቺ ጋር በአንድ ከተማ እንድትሆን። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ልንገርሽ፤ ይዤው ልፈነዳ ነው።

ኢህሳን አካዳሚ ገባች።

አካዳሚ ስልሽ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያው አንቺ የተማርሽበት ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ነው። ዘንድሮ የሙያ አካዳሚ የሚሉት ነገር ከፈቱ። ዘጠነኛ የገቡት ልጆች እንደማንኛውም ተማሪ ይማራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንስሳት ጤና። ከዩኒቨርሲቲው የከብት ሐኪሞች እየመጡ ያስተምሯቸዋል፣ ገጠርም ይዘዋቸው ይወጣሉ። ሲጨርሱ ወይ መሰናዶ ይቀጥላሉ፣ ወይ በሙያው ኮሌጅ ይገባሉ። ያመለከተው መዓት ነው፤ የሚወስዱት ግን አንድ ክፍል ብቻ።

የጽሑፉን ፈተና አለፈች። ቀጥሎ በተግባር ነው አሉ። የታመመች ላም ከባለቤቷ ጋር ግቢው ውስጥ አቆሙ፤ ተማሪው ተራ በተራ እየገባ ባለቤቱን ጠይቆ የላሟን ነገር መረዳት አለበት። ወላጅ መግባት ክልክል ነው ተባለ። እኛም አልገባንም፣ አጥሩ ላይ ተደረደርን። ከጎኔ ወለተሥላሴ ነበረች፤ ከጤና ጣቢያው ግድም ያለችው ጎረቤታችን፣ ልጇ እሸቴም ተፈታኝ ነው። "ዙሀይራ፣ አጥሩን አትደገፊው፣ ከነሰዉ ትጥይዋለሽ" እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ራሷ ግን ከእኔ በላይ ተንጠልጥላለች።

ባለላሙ ከወደ አጋርፋ የመጣ ሽማግሌ ነው። ፊቱን ጥሎ በበትሩ ተደግፎ ቆሟል። ልጆቹ ይገቡና "ምን አመማት? ከመቼ ጀምሮ? ትበላለች?" ይሉታል። እሱም "ባውቀው እዚህ አመጣት ነበር?" ይላል። እሸቴም ከዚህ የተሻለ አላገኘም። ወለተሥላሴ "እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ?" ብላ ተቆጣች።

የእኛዋ ተራ ደረሰ። ገባች። ላሟን ቀና ብላም አላየቻት። በቀጥታ ሽማግሌው ፊት ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ "አካም ጅርቱ፣ አባ?" ብላ ደህንነቱን ጠየቀች። ከዚያ ቀጠለቻ። ሱቅ ተቀምጣ ስትሰማው ያደገችውን የገበሬ ሰላምታ አንድም ሳታስቀር። ቤተሰቡ ሰላም ነው? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ጎረቤቱስ? ዝናቡ እንዴት ነው? ገብሱ? ሣሩ? ሽማግሌው ለእያንዳንዱ "ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ ሰላም መሆኑን ይመልሳል። ፈታኙ መምህር ፍስሐ፣ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የሚያስተምር የከብት ሐኪም ነው፣ ሰዓቱን ያያል። ልጆቹ ይስቃሉ።

"አንቺ፣ ልጅሽ ገበያ የወጣች መሰላት እንዴ?" አለች ወለተሥላሴ።

"ዝም በይ እስቲ" አልኳት፤ እኔም ግን አጥሩን ይበልጥ ተደግፌዋለሁ። በልቤ "ላሟን ጠይቂ፣ ላሟን" እላለሁ።

መምህሩ "አንቺ ልጅ፣ ጊዜሽ እያለቀ ነው" አላት።

"ከብቶቹ ጋ ደርሻለሁ" አለችው። እንዲህ አለችው፣ ወላሂ፣ በዚያች በቀጭን ድምጿ። ዘወር ብላ "ከብቶቹስ ሰላም ናቸው፣ አባ?" ሰላም ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። "በሬዎቹስ?" አልሐምዱሊላህ። "ጥጃዋስ?"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሽማግሌው።

አጥሩ ላይ ሆኜ እኔም ሰማሁት። ቃሉ ያው ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ ዓይኑም መሬት ላይ ነበር። ኢህሳን ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ረቢ በካ ሃ ቡሱ" አለችው፤ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው፣ ፈጣሪ ይተካልዎ ብላ።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያማ ማን ያስቁመው። ጥጃዋ ሞታ እንደተወለደች፣ እንግዴ ልጁ በጊዜው እንዳልወረደ፣ ላሟ ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ይዟት ሣር እንደተወች፣ ለልጅ ልጁ ወተት ብሎ ያሳደጋት እንደሆነች ሁሉን ዘረገፈው። ሳቁ ጠፋ። መምህር ፍስሐ ሰዓቱን ትቶ ብዕሩን አወጣ።

በኋላ ጠራኝና፣ "እርስዎ ነዎት እናቷ? በሽታውን እኛም መርምረን አግኝተነዋል፤ ሰውየው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰልንም። መርፌውን እናስተምራታለን። ይሄኛውን ግን ማን አስተማራት?" አለኝ። ምን ልበለው? ጨው ስንሸጥ ነው አልኩት። ሳቀ። አባታችሁ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ቢሰማ ጋሪውን አቁሞ ለፈረሱ ሁሉ ይነግር ነበር።

እሸቴም አልፏል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ወለተሥላሴ ግን "ልጅሽ ሰላም ብላኝ እስክትጨርስ ወጡ አረረብኝ" እያለች ለሰፈሩ ታወራብኛለች። እኔ እንደሆንኩ ደስ ይለኛል፤ ታውራ።

ረቢያ የምታመጣልሽ ፎቶግራፍ እንግዲህ ያልሽኝ ዓይነት አይደለም። ኢህሳን ናት፣ ቱታ ለብሳ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ። ቱታው ሰፍቷታል፤ እጅጌውን እኔ ነኝ ያጠፍኩላት። ቦቲውን ቤት ውስጥም አላወልቅም ብላ ምንጣፉን ጨረሰችው፣ እኔም አልተቆጣኋት። ቪዛውን ለሌላ ሰው በይው፣ ልጄ። ብቻሽን መሆንሽ እንደከበደሽ፣ እሷን ስትጠብቂ እንደከረምሽ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ይህን መስመር ስጽፍ እጄ የዘገየው። እሷ ግን አትመጣም።

ሌላም ነገር አለ። መምህር ፍስሐን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። አስረኛ ላይ ጥሩ ውጤት አምጥታ ያቋረጠች፣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ የነበረች፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት የሆነ ልጅ ብትኖር ትቀበላላችሁ ወይ አልኩት። "የማን ልጅ ናት?" አለኝ። የማውቃት ናት አልኩ። ትክ ብሎ አየኝና፣ "ዕድሜዋ ከነዚህ ልጆች ጋር አያስቀምጣትም። በማታው በኩል ግን ለትልልቆች ልንከፍት ነው፤ ትምጣ" አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጨመርኩለትም። ለወሬው ያህል ነው የነገርኩሽ።

አልጋሽን እንዳለ ነው ያቆየሁት። ኢህሳን መጽሐፎቿን ልትደረድርበት ፈልጋ ከልክያታለሁ።

ልጄ፣ በሚቀጥለው ስትደውይ እኔም እንደ ኢህሳን ነው የምጠይቅሽ፤ በተራ፣ ሳልዘል። እንቅልፍሽን እጠይቃለሁ፣ ምግብሽን፣ በሳሙናው የተሰነጣጠቀውን እጅሽን፣ የምትተኚበትን ክፍል። ቶሎ ቶሎ አትመልሽልኝ። አንቺ ሁልጊዜ አልሐምዱሊላህ ነው የምትዪኝ፤ እኔም ጨው ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ጌቶችሽን ያራራልሽ፤ የወጣሽበትን በር መልሶ ያሳይሽ። ኢህሳን እጅሽን ትስማለች፤ ቦቲዋን አይተሽ እንዳይከፋሽ ብላ ፎቶው ላይ እግሯን ልትሸፍን ሞክራ ነበር፣ አስተውይው።

እናትሽ
ዙሀይራ